ሽሽቱ የገደላቸው

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን የደረሰው 9.0 መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይቺን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አጥለቀለቀው። መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ ውኃ ገባባቸው፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። ዓለም ያን ሰሞን የሚያወራው ስለ ጨረር ነበር። የሟቾቹ መዝገብ የሚለው ግን ሌላ ነው። የጃፓን መንግሥት ከጨረሩ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነው ሞት በሳንባ ካንሰር ያረፈ የአንድ የማመንጫው ሠራተኛ ሞት ሲሆን፣ ይህንንም ያመነው በ2018 ነው። በአንጻሩ በፉኩሺማ አውራጃ በመፈናቀሉና እሱን ተከትሎ በመጣው እንግልት ሳቢያ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ2,300 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው። ከፉታባ ሆስፒታልና በአቅራቢያው ካለ የአረጋውያን መጦሪያ የወጡ የአልጋ ቁራኞች ሐኪም ሳይኖር በአውቶቡስ ተጭነው ለሰዓታት ሲንከራተቱ ዋሉ፤ በዚያ ሰሞን ከ40 በላይ የሆስፒታሉ ሕሙማን ሞቱ። እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ሽሽቱ ነው።

በኒውክሌር ማመንጫ አቅራቢያ የሚኖር ሰው «ተዘጋጅ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ነዳጅ የሞላ መኪና ነው። መኪናው አይከፋም። ከሁሉ የሚቀድመው ዝግጅት ግን መቼ መውጣት፣ መቼ ደግሞ ቤት ዘግቶ መቀመጥ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለዚህ ምክንያቱ የአደጋው ጠባይ ነው። ሪአክተር ሲጎዳ እንደ ቦምብ ከተማ አያወድምም፤ ሬዲዮአክቲቭ ጋዝና ብናኝ ይለቅቃል፤ ያን ነፋስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳዋል። ደመናው ሲያልፍ ግንብ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ከውጭ አየር የሚስበውን ማቀዝቀዣ አጥፍቶ የተቀመጠ ሰው፣ በዚያው ሰዓት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተጨናንቆበት ከቆመው ሰው ያነሰ ጨረር ያገኘዋል። ስለዚህ የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ አካል መመሪያ ሁሉንም ሰው አንድ ላይ አያስወጣም። ለማመንጫው በጣም የቀረቡትንና ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያሉትን፣ ቢቻል ገና ምንም ሳይለቀቅ ያስወጣል፤ ሌሎቹን ቤታቸው ሆነው ትእዛዝ እንዲጠብቁ ያደርጋል። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ራሱ «ሽሹ» ማለት አይደለም፤ «ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ክፈቱና አዳምጡ» ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር የማያውቅ ነዋሪ ሳይረኑ ቢነፋ የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው።

በ1979 በፔንስልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው ማመንጫ የደረሰው አደጋ ይህን በግልጽ አሳይቷል። አገረ ገዢው ከማመንጫው በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት እንዲወጡ መከሩ። ምክሩ የሚመለከተው ጥቂት ሺህ ሰው ነበር፤ የወጣው ግን ወደ 140,000 ይጠጋል። በእርግጥ ያን ጊዜ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም መንገዱን የሚሞላው መውጣት የሌለበት ሰው ከሆነ፣ በእርግጥ መውጣት ያለባት እናት ከኋላው ተሰልፋ ትቀራለች። ልጅን ከትምህርት ቤት ለማምጣት መሮጥም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በአደጋ ክልል ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ተወሰነ መቀበያ የሚያጓጉዙበት ዕቅድ አላቸው፤ ልጁ ከተወሰደ በኋላ ሊያመጣው የሚሮጥ ወላጅ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ስለ አዮዲን ክኒን ብዙ ይነገራል፤ ግማሹ ስሕተት ነው። ክኒኑ ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢ በጤናማ አዮዲን አስቀድሞ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ከሪአክተሩ የሚወጣው አዮዲን 131 ቦታ አያገኝም። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ እንደ ሲዝየም ያሉትን ሌሎች ንጥረ ነገሮች አይከላከልም። ዋና ተጠቃሚዎቹ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ሲሆኑ፣ የሚወሰደውም ባለሥልጣን ሲያዝ፣ ደመናው ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ ወይም እንደደረሰ ነው። በ1986 ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ ፖላንድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለ10 ሚሊዮን ገደማ ልጆች አዮዲን አደለች። በሶቪየት በኩል ግን ብዙ ሕፃናት የተበከለ ወተት ሲጠጡ ሰነበቱ፤ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ በዚያን ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዝግበዋል። አዮዲን 131 በ8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል፤ ለጥቂት ሳምንታት የአካባቢውን ወተት መተው ብቻ ብዙ ልጆችን ባተረፈ ነበር።

እዚህ ላይ ብርቱ መከራከሪያ ይነሳል፦ «ቤት ቁጭ በሉ የሚለኝን መንግሥት ለምን አምናለሁ?» ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ከቼርኖቤል ማመንጫ አጠገብ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች ከፍንዳታው በኋላ ለ36 ሰዓት ያህል ምንም ሳይነገራቸው ኖረዋል። በፉኩሺማም የናሚዬ ከተማ ሰዎች ጹሺማ ወደተባለው ሰፈር ሸሹ፤ ጨረሩም የሄደው በዚያው በኩል ነበር። የነፋሱን አቅጣጫ የሚተነብየው የመንግሥት ሥርዓት ስሌት ቢኖረውም በጊዜው አልተነገራቸውም። ነገር ግን ይህ ታሪክ በደመ ነፍስ መሸሽን አይደግፍም፤ የናሚዬ ሰዎች ከጨረሩ ጋር የተገናኙት እየሸሹ ነው። ታሪኩ የሚያስተምረው ነዋሪው መረጃውን በአደጋው ዕለት እንዳይለምን፣ ዕቅዱን በደህናው ቀን ጠይቆ እጁ ማስገባት እንዳለበት ነው። «ስለ አደጋ ማውራት ሕዝብ ያስደነግጣል» የሚሉትም አሉ። የሚያስደነግጠው ግን ሳይረኑን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ወገኖችም የራቀ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሜሪላንድ የካልቨርት ክሊፍስ ማመንጫ አለ፤ በአቡ ዳቢም የባራካ ማመንጫ ይገኛል። አሜሪካ ሁለት ክልል ትለያለች፦ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ የመውጣትና የመጠለል ዕቅድ የሚሠራበት፣ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ደግሞ ምግብና ውኃ የሚመረመርበት። ስለዚህ ለዲሲ ነዋሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወተቱና ስለ አትክልቱ እንጂ ስለ መኪናው አይሆንም። በ16 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ የምትኖሩ ግን የቀጠናችሁን መለያ፣ የመቀበያ ጣቢያውንና የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ዕቅድ ዛሬውኑ ጠይቁ። ቋንቋ የሚከብዳቸው ወላጆች ካሏችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉላቸው፤ መራመድ የማይችል ሰው ካለም ስሙን ለአካባቢው የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ።