ሦስተኛ ማለት የሚያፍረው እንግሊዝኛ

ጓደኛዬ በስልኩ የቆረጠው የአውሮፕላን ቲኬት «ኢኮኖሚ ላይት» ይላል። ነገሩ የተገለጠለት ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ዋጋው ሻንጣን አይጨምርም፣ ለብቻው ክፈል አሉት። «ምናለ ‹ሻንጣ አልባ› ብለው ቢጽፉት?» አለኝ በንዴት።

አይጽፉትማ! እንግሊዝኛ ርካሹን ወንበር በስሙ መጥራት ከተወ ቆየ። የእኛ መናኸሪያ ይሻላል፤ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስተኛ ደረጃ አውቶቡስ፣ አለቀ። የእንግሊዝ ባቡርም ድሮ እንዲሁ በቁጥር ነበር የሚከፋፈለው። ኋላ ላይ ሁለተኛው ቀስ በቀስ ጠፋና አንደኛና ሦስተኛ ብቻ ቀሩ። (መሃሉ ባዶ ሆኖ «ሦስተኛ» መባል እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።) በ1956 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው «ሁለተኛ» ተባለ። በ1987 ደግሞ «ስታንዳርድ» ሆነ። ተሳፋሪው ሁለቴ ሹመት አገኘ፣ ወንበሩ ግን ያው ነው።

አውሮፕላንም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ1952 በአትላንቲክ በረራዎች ላይ «ቱሪስት» የሚባል ርካሽ ክፍል መጣ፤ በ1958 ደግሞ «ኢኮኖሚ»። እዚህ ጋ ኢኮኖሚ የአገር ምጣኔ ሀብት ሳይሆን ቁጠባ ማለት ነው። አሜሪካኖች ያንኑ ክፍል ከሰረገላና ከባቡር በወረሱት ቃል «ኮች» ይሉታል። የእኛ አየር መንገድ ቢዝነሱን «ክላውድ ናይን» ብሎታል፤ በእንግሊዝኛ ደስታ ያሰከረው ሰው ዘጠነኛው ደመና ላይ ነው ይባላል።

አሁን ጣጣው «ኢኮኖሚ» ራሱ መከፋፈሉ ነው። «ፕሪሚየም» ካለው ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ወንበር አለ። «ቤዚክ» ወይም «ላይት» ካለው ግን ወንበሩ የሌላው ኢኮኖሚ ወንበር ነው፤ የተቀነሰው መብታችሁ ነው። ቀን መቀየር፣ ገንዘብ ማስመለስ፣ ወንበር መምረጥ፣ አንዳንዴም ሻንጣ። ቲኬታችሁ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደልም ፈልጉ። «ዋይ» በአብዛኛው ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ኢኮኖሚ ነው፣ «ጄ» ቢዝነስ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፊደላቸው ከተለያየ፣ አንዱ ቀኑን በነጻ ሲቀይር ሌላው ብሩን ሊያጣ ይችላል። «ክፈል» የምትለዋን ከመንካታችሁ በፊት የታሪፉን ደንብ ከፍታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል ከታች ነው የሚቀመጠው።

ጓደኛዬ የሻንጣውን ከፍሎ ሄዷል። መመለሻውም «ላይት» ነው።