የሕዋስ ልጓም፦ አር-ቢ ፕሮቲን

አር-ቢ በሰው ሕዋሳት ኒውክሊየስ ውስጥ የሚገኝ፣ ከ928 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፕሮቲን ነው። ሥራው ሕዋስ ያለ ጊዜው እንዳይከፈል መያዝ ነው።

ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ማባዛት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልጉትን ጂኖች የሚቀሰቅሱት ኢ-ቱ-ኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ አር-ቢ እነዚህን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ከውጭ የእድገት መልእክት ሲደርስ ሲዲኬ-4 እና ሲዲኬ-6 የተባሉ ኢንዛይሞች አር-ቢ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል። ያን ጊዜ ልጓሙ ይላላል፤ ኢ-ቱ-ኤፍ ይለቀቃል፤ ክፍፍሉም ይጀመራል። ክፍፍሉ ሲያበቃ ፎስፌቱ ተነሥቶ አር-ቢ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።

የዚህ ፕሮቲን ጥቅም የታወቀው በመጥፋቱ ነው። ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር አንዳንዱን ልጅ ገና በጨቅላነቱ በሁለቱም ዓይኖቹ ይይዛል፤ ሌላውን ዘግይቶ በአንድ ዓይን ብቻ። አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 የ48 ሕሙማንን መዝገብ አገላብጦ ምክንያቱን ገመተ፦ ከእናትና ከአባት የሚወረሱት ሁለቱም የአንድ ጂን ቅጂዎች ካልተበላሹ ዕጢው አይነሣም፤ አንዱን ተበላሽቶ የወረሰ ልጅ ግን የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ግምቱ የተገኘው ጂኑን ማንም ሳያየው፣ በስሌት መሆኑ ያስደንቃል። አር-ቢን የሚያሠራው ጂኑ ራሱ፣ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው፣ በ1986 ተለይቶ ታወቀ። ብልሽቱን የወረሱ ልጆች ከዓይኑ ካንሰር ቢድኑም በኋላ ለአጥንት ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣሉ። የበሽታው የተለመደ የመጀመሪያ ምልክት በዓይን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወላጆች የሚያስተውሉት በፎቶግራፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነጸብራቅ የታየበት ሕፃን ሳይውል ሳያድር በዓይን ሐኪም መታየት አለበት።

ጂኑ ጤነኛ ሆኖም ፕሮቲኑ ሊሰናከል ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ-7 የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን ከአር-ቢ ጋር ተጣብቆ ያፈርሰዋል። በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው።

በአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ደግሞ አር-ቢ አለ፤ ኢንዛይሞቹ ግን ፋታ አይሰጡትም። በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ የተባለው መድኃኒት ሲዲኬ-4ንና ሲዲኬ-6ን አግዶ አር-ቢን ሥራው ላይ ያቆየዋል። አር-ቢን ጨርሶ ባጣ ዕጢ ላይ ግን መድኃኒቱ አይሠራም።