ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥና ስለ አስነሺው ቋሚ ትእዛዝ

በዛሬው ንግግራችን ኮምፒዩተር ኀይል ካገኘ በኋላ እንዴት እንደሚነሣ፥ አነሣሡንም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በምን ሊወስነው እንደሚችል በአጭሩ እንገልጻለን። ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪበያህ፥ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በሺኒሌ፥ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ሲመለስ መዝገቡን የያዘው ሰርቨር በራሱ ካልተነሣ፥ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ነገሩ የአገልግሎት ጉዳይ ነው።

ኮምፒዩተር ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወዲያው ሥራ አይጀምርም። በቅድሚያ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይነሣና ሲስተሙን ከማከማቻው ፈልጎ ወደ ሜሞሪ ይጭነዋል፤ ከዚያም ሥራውን አስረክቦ ይሰናበታል። ይህም ማለዳ በሩን ከፍቶ ቁልፉን ለኀላፊው የሚያስረክበውን ዘበኛ ይመስላል። ዘበኛው የቱን በር መቼ እንደሚከፍት በቋሚ ትእዛዝ እንደሚያውቅ፥ ቡትሎደርም የተጻፈለትን ትእዛዝ አንብቦ ይፈጽማል።

በራውተሮችና በትናንሽ መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቡትሎደር ዩ-ቡት ነው። ይህን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፥ ለብዙ ዓመታት የመራው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ነበር። ትእዛዞቹ የሚጻፉት «የአካባቢ ተለዋዋጮች» በሚባሉት ሲሆን እያንዳንዱ ስምና ዋጋ አለው። «ቡትዲሌይ» ስንት ሰኮንድ እንዲጠብቅ፥ «ቡትሲኤምዲ» ምን እንዲፈጽም፥ «ቡትአርግስ» ለሲስተሙ ምን መልእክት እንዲያስተላልፍ ይወስናሉ። ሠራተኛው ያሉትን በ«ፕሪንትኢንቭ» ይመለከታል፤ በ«ሴትኢንቭ» ይለውጣል፤ በ«ሴቭኢንቭ» ያጸናል። ያልጸና ለውጥ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በተቀመጠው ጽሑፍ ላይ እንደ ማኅተም የሚያገለግል የመቆጣጠሪያ ቍጥር አለ። ጽሑፉ በሚጻፍበት ቅጽበት ኀይል ቢቋረጥ ቍጥሩ አይገጥምም፤ ዩ-ቡትም ያን ጽሑፍ ትቶ ሲሠራ አብሮት የተሰጠውን መደበኛ ትእዛዝ ይከተላል። ስለዚህ መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ መሣሪያው ጽሑፉን በሁለት ቅጂ እንዲይዝ ሆኖ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይነበባልና።

የሊኑክስ ሲስተም በሚሠራባቸው ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ግራብ የተባለው ቡትሎደር የተለመደ ነው። በኡቡንቱ የግራብ ምርጫ የሚጻፈው ኢቲሲ በተባለው ማኅደር፥ «ዲፎልት» ሥር፥ «ግራብ» በሚለው ፋይል ነው። «ግራብ ታይምአውት» የመጠበቂያውን ሰኮንድ፥ «ግራብ ዲፎልት» የሚነሣውን ሲስተም ይወስናል፤ ቈጠራውም ከ0 እንጂ ከ1 አይጀምርም። ፋይሉ ከተስተካከለ በኋላ «አፕዴት-ግራብ» የሚለው ትእዛዝ ካልተሰጠ፥ የተጻፈው ሁሉ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

ከመብራት መቋረጥ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ኡቡንቱ አነሣሡ ሳይፈጸም የተቋረጠ እንደሆነ ይህንኑ መዝግቦ፥ በሚቀጥለው ጊዜ የምርጫ ዝርዝሩን ያቀርባል። በቀድሞ እትሞቹ ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ያለገደብ ይጠብቅ ነበር። በኋላ የወጡት ግን 30 ሰኮንድ ጠብቀው ይነሣሉ። «ግራብ ሪኮርድፌይል ታይምአውት» የሚለውን መስመር በመጻፍ ይህን ጊዜ መወሰን ይቻላል። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ኮምፒዩተሩ ኀይል ሲመለስለት በራሱ እንዲበራ አስቀድሞ በባዮሱ ላይ የታዘዘ እንደሆነ ነው።

ደግሞም ፍጥነትን ብቻ መሻት አይገባም። በዩ-ቡት የቡትዲሌይ ዋጋ ከዜሮ በታች 2 ከሆነ፥ መሣሪያው ሳይጠብቅና የሚያስቆመው ቁልፍ መጫኑን እንኳ ሳይመረምር ይነሣል። በዚህ ላይ ቡትሲኤምዲው የተሳሳተ እንደሆነ፥ ሠራተኛው ገብቶ የሚያርምበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ጥቂት ሰኮንድ መተው ብዙ ቀን ያተርፋል።

እንግዲህ ማንኛውም ኀላፊ ለውጥ ከማድረጉ በፊት የቀድሞውን ትእዛዝ ገልብጦ ይያዝ፤ ከለወጠ በኋላም ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ኮምፒዩተሩን በሥርዓት አጥፍቶ አነሣሡን ይፈትን፤ የለወጠውንም ከነቀኑ ጽፎ በመዝገብ ቤት ያኑር። እርሱ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፥ ተተኪው ሥራውን ሳይቸገር ይቀጥላል።