ቁጥሩ ከየት መጣ? ስሌቱን ከጽሑፉ የማይነጥል ሰነድ

እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ኔቸር ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ላይ ትልቅ ተስፋ ያሳደረ ጥናት አወጡ። በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ የትኞቹ ዘረመሎች በብርቱ እንደሚሠሩ በመለካት፣ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ታካሚ እንደሚስማማ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል የሚል ነበር። በሂዩስተን የሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ሐኪሞችም ዘዴውን ሊጠቀሙበት ፈለጉ፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ መረጃውን መመርመር ጀመሩ።

ስሌቱን ቢደግሙት የታተመው ውጤት አልወጣ አላቸው። ጽሑፉ ዘዴውን በጥቅሉ ቢናገርም፣ ከጥሬ መረጃው እስከ መደምደሚያው የተኬደበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አላሳየም። ስለዚህ ከውጤቱ ተነስተው ወደ ኋላ መቁጠር ነበረባቸው። ያገኟቸው ስህተቶች ተራ ነበሩ። በአንዳንድ ዝርዝሮች የዘረመሎቹ ስም በአንድ ረድፍ ተንሸራቶ የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ተመዝግቧል። በሌላ ቦታ ደግሞ መድኃኒቱ የሚበግራቸውና የማይበግራቸው ሕዋሳት መለያ ተገላብጧል። መለያው ከተገለበጠ ምክሩም ይገለበጣል፤ በዱክ ግን በ2007 በዚሁ ዘዴ ለታካሚዎች መድኃኒት የሚመርጡ ሙከራዎች ተጀምረው ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች ግኝታቸውን በ2009 አሳተሙ። ሙከራዎቹ በ2010 ቆሙ፤ ጥናቱም በ2011 ተሻረ።

እንዲህ ያለ ስህተት መደበቂያ የሚያገኘው በተለመደው አሠራር ውስጥ ነው። መረጃው በኤክሴል፣ ስሌቱ በሌላ ሶፍትዌር፣ ጽሑፉ በዎርድ ይሠራል፤ ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የትውልድ ሐረጉን የሚያስረዳለት የለም።

ፍሪድሪክ ላይሽ በ2002 ያስተዋወቀው «ስዊቭ» ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተሠራ ሶፍትዌር ነው። ጸሐፊው ማብራሪያውንና በ«አር» የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ ሲሠራ ኮዱ ይሰላና በቦታው ሰንጠረዡ ወይም ግራፉ ይተካል። «የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 41 ነው» ለማለት እንኳ 41ን መተየብ አያስፈልግም፤ በቁጥሩ ቦታ አማካዩን የሚያሰላው ትእዛዝ ይገባል። አዲስ ተሳታፊ ሲጨመር ፋይሉን እንደገና ማሠራት ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ግራፉም አብረው ይታረማሉ። ባገርሊና ኩምብስም የምርመራ ሪፖርታቸውን ያዘጋጁት በስዊቭ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ዶናልድ ክኑዝ በ1984 ካቀረበው፣ ፕሮግራም ለሰው እንደሚነበብ ጽሑፍ ይጻፍ ከሚለው ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች፣ «ጁፒተር» እና ይሁዊ ሺዬ የሠራው «ኒተር»፣ አሠራሩን ለብዙዎች አቅልለውታል።

መሣሪያው ግን ለእውነት ዋስትና አይሰጥም። የተሳሳተ ኮድ ሺህ ጊዜ ቢሠራ ያንኑ ስህተት ይደግማል። ሶፍትዌሩም ከዓመት ዓመት ይቀየራል፤ ስለዚህ የተሠራበት ስሪት መመዝገብ አለበት። የሐሰት መረጃ ቢገባበትም ሰነዱ በራሱ አያግደውም፤ በዱክ ጉዳይ አንድ ተመራማሪ የሐሰት መረጃ እንዳካተተ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ታማኝነት ቢሮ በ2015 ደምድሟል። የሰነዱ ጥቅም ሌላ ነው፦ ተጠራጣሪ አንባቢ ሳይገምት፣ ስሙና ቁጥሩ የተጣመሩበትን መስመር ከፍቶ ማየት ይችላል። አንድ ረድፍ መንሸራተቱን ለማወቅም ዓመታት አይፈጅበትም።