ራሱን የሚመሰጥር ዲስክ

ላፕቶፕ ሲከፈት የሚጠየቀው ፓስወርድ ፋይሎቻችንን የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚጠብቀው ግን የዊንዶውስን መግቢያ ብቻ ነው። ማሽኑ እጁ የገባ ሰው ጀርባውን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ኤስኤስዲውን (ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክ) አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው፣ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ፓስወርድ የሚጠይቀው የለም። ፎቶውንም፣ ደብዳቤውንም፣ የደመወዝ ሰነዱንም እንዳለ ያነበዋል።

ቆሰበር የአዊ ዞን መቀመጫና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗ ይህ ጉዳይ በቅርብ ይነካታል። የመምህሩ የፈተና ጥያቄ፣ የተመራቂው ጥናት፣ የታካሚዎች መረጃ፣ ከአዛውንት የተቀዳ የአውንጊ ተረት፣ ሁሉም በላፕቶፕ ቦርሳ ሆኖ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ይመላለሳል። ቦርሳው አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ሊረሳ ወይም ሊሰረቅ ይችላል። የማሽኑ ዋጋ ያስቆጫል፤ በውስጡ ያለው የሰው ምስጢር ግን በገንዘብ አይተካም።

ለዚህ የተሠራው መፍትሔ ሙሉውን ዲስክ መመስጠር ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ፋይል ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም በማይሰጥ መልክ ነው። ሥራውን ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ በራሱ ፕሮግራም ሊሠራው ይችላል። ወይም ዲስኩ ውስጥ ያለው ቺፕ ይሠራዋል፤ የዚህ ጽሑፍ እንግዳ እሱ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ዲስኮች የሚከተሉት ኦፓል የተባለው የጋራ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው።

አሠራሩ ረቂቅ ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው። ዲስኩ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ አንድ ቁልፍ ተፈጥሮለታል። የሚገባው ሁሉ በዚያ ቁልፍ እየተመሰጠረ ይጻፋል፣ ሲነበብ ደግሞ በዚያው ይፈታል። ባለቤቱ ፓስወርድ እስኪያበጅ ድረስ ግን ዲስኩ ለመጣ ሁሉ ይፈታል፤ ስለዚህ “ዲስኬ ይመሰጥራል” ማለት ብቻውን ምንም ዋስትና አይሆንም። ፓስወርድ ሲሰጠው የውስጡ ቁልፍ ራሱ በፓስወርዱ ይመሰጠራል። ፓስወርድ መቀየር ቅጽበታዊ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የሚለወጠው የቁልፉ መሸፈኛ እንጂ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ዳታ አይደለም። መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት ሲለግስም የውስጡን ቁልፍ አጥፍቶ በአዲስ መተካት ይበቃዋል። የቀድሞው ዳታ በሙሉ በሰከንዶች ውስጥ ለዘላለም የማይነበብ ይሆናል።

እንዲህ ሲነገር የሚያምረው ነገር በተግባር እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል ያሳዩት በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ካርሎ ሜየርና ቤርናርድ ፋን ጋስቴል ናቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት የክሩሻልና የሳምሰንግን ታዋቂ ኤስኤስዲዎች ፈትሸው ነበር። በክሩሻል ኤምኤክስ100 እና ኤምኤክስ200 ላይ የውስጡ ቁልፍ ከባለቤቱ ፓስወርድ ጋር ጭራሽ አልተሳሰረም። ዲስኩ ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን ያጣራል እንጂ ቁልፉን ለማውጣት ፓስወርዱ አያስፈልገውም፤ በር ላይ ዘበኛ አቁሞ በሩን ሳይቆልፉ እንደ መተው ነው። ተመራማሪዎቹ የዲስኩን ፕሮግራም ነክተው ማጣሪያውን ሲያሰናክሉት ማንኛውንም ፓስወርድ ተቀበለ። በሳምሰንግ 840 ኢቮ ላይ ያገኙት ስሕተት ሌላ ዓይነት ነው። ኤስኤስዲ አዲስ ነገር ሲጽፍ በአሮጌው ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ ስለሚጽፍ፣ ፓስወርድ ከመሰጠቱ በፊት የነበረው ያልተሸፈነ ቁልፍ ቅጂ እዚያው ተርፎ ሊገኝ ይችል ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የዊንዶውሱ መመስጠሪያ የቢትሎከር ነገር ነው። በዚያ ዘመን ቢትሎከር፣ ዲስኩ “እኔ እመሰጥራለሁ” ካለው አምኖ ሥራውን ሁሉ ለእሱ ይለቅ ነበር። ሰውየው ቢትሎከር እንደበራ ያያል፣ ተጠብቄያለሁ ብሎ ይተኛል። ማይክሮሶፍት ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢትሎከር በአዲስ ዲስክ ላይ ሲበራ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ራሱ ይመሰጥራል።

የእኔ ፍርድ ለአብዛኛው የላፕቶፕ ባለቤት ቢትሎከርን ወይም ለክስ የተባለውን የሊኑክስ መመስጠሪያ መጠቀም ይሻላል የሚል ነው። የለክስ አሠራር ለብዙ ዓይን ክፍት ነው፣ ቢትሎከርም በብዙ ተመራማሪዎች ተፈትሿል፤ የዲስክ ቺፕ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ግን ከአምራቹ በቀር በቀላሉ የሚያየው የለም። ድሮ በፕሮግራም መመስጠር ማሽኑን ያዘገየዋል ይባል ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የምስጠራ ትእዛዞችን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላካተተ በዕለት ሥራ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። አፕል ደግሞ ሁለቱን አዋህዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በማክቡክ ፕሮ ላይ ምስጠራውን ቲ2 ለተባለ የራሱ ቺፕ ሰጥቶ ነበር። እዚያም ቢሆን ፋይልቮልት የተባለው የአፕል መመስጠሪያ ካልበራ ዲስኩን ለመፍታት የባለቤቱ ፓስወርድ አያስፈልግም።

የትኛውም ዓይነት ምስጠራ በትክክል የሚጠብቀው ግን ማሽኑ ተዘግቶ ኃይሉ ሲቋረጥ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ያንቀላፋ ላፕቶፕ ላይ ቁልፉ አሁንም ሚሞሪ ውስጥ አለ፤ ራሱን የሚመሰጥር ዲስክም ኤሌክትሪክ እስካልተቋረጠበት ድረስ እንደተከፈተ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከቆሰበር መናኸሪያ መኪና ከመሳፈር በፊት ክዳን መክደን አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው የቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁጥር ነው። ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ አንዳንዴም ባዮስ ሲታደስ፣ ማሽኑ ይህን ቁጥር ካላገኘ አይከፈትም። የጥገና ባለሙያ የቱንም ያህል ቢጠበብ ሊረዳ አይችልም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ ሻጩ ፊት ይመልከት፤ በርቶ ከሆነም ሻጩ ያጥፋው ወይም ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫን። የራሱን ቁጥር ደግሞ በወረቀት አትሞ ከቤት ካርታውና ከትምህርት ማስረጃው ጋር ያኑር እንጂ ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ አይክተተው። ዲስክ ሲቃጠል ምስጠራ ፋይልን አያድንም፤ የፋይሉ ሌላ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ መኖር አለበት፣ እሱም ተመስጥሮ።

የሌሎች ሰዎችን መረጃ ለሚይዙ ቢሮዎችና ክሊኒኮች ነገሩ የውዴታ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለደህንነቱ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ የታካሚ ስምና ምርመራ ያለበትን ላፕቶፕ ሳይመሰጥሩ ለመስክ ሥራ መላክ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ራሱን የሚመሰጥር ዲስክ ገዝቶ ፓስወርዱን የረሳ ሰው ኤስኤስዲውን አውጥቶ መለያ ወረቀቱን ይመልከት። በብዙዎቹ ላይ ፒኤስአይዲ የተባለ 32 ፊደልና ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ያ ኮድ ሲገባ ዲስኩ የውስጡን ቁልፍ ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ዲስኩ ይተርፋል፤ የነበረበት ፋይል ግን ለባለቤቱም ቢሆን አይመለስም።