የቧሂት በር፦ ወደ ነፋሻማ የተራራ መተላለፊያ የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጨነቅ ተነሥቶ ወደ ራስ ደጀን የሚያመራ መንገደኛ በቅድሚያ የቧሂትን በር መሻገር አለበት። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,620 ሜትር ገደማ፣ በሩ ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ዋሊያንና ጭላዳን ለማየት ወይም ለጥናት ጨነቅ የደረሰ ተማሪ የቀረችው ዳገት ትንሽ ልትመስለው ትችላለች። ይሁን እንጂ በእነዚህ 580 ሜትሮች ውስጥ ቅዝቃዜው ይጨምራል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ አየሩም ይሳሳል። ሦስቱም በአንድነት ሲመጡ አካልን ብቻ ሳይሆን የማመዛዘን ችሎታንም ያዳክማሉ። ስለዚህ በበሩ ላይ የሚያስፈልጉት ውሳኔዎች ከበሩ በታች፣ አእምሮ ንቁ በሆነበት ሰዓት ሊወሰኑ ይገባል። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በሩ ለምን ነፋሻማ ሆነ?

አማርኛ በሁለት ከፍታዎች መካከል የሚገኘውን ዝቅ ያለ መተላለፊያ «በር» ይለዋል፤ ጣርማ በር ለብዙዎቻችን የታወቀ ምሳሌ ነው። ስያሜው ለመንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለነፋስም ይሠራል። ሰፊ በሆነ ሸለቆ ላይ የሚነፍሰው አየር ወደ ተራራው ሰንሰለት ሲደርስ ከፊሉ በጠባቡ ክፍተት ለማለፍ ይገደዳል። በአንድ ጊዜ ውስጥ የገባው አየር ሁሉ መውጣት ስላለበት፣ መተላለፊያው በጠበበ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል። ነገሩን ለማቅለል፣ መተላለፊያው በግማሽ ቢጠብና አየሩ በሌላ አቅጣጫ ባያመልጥ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል።

ነፋስ በሰው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በመሆኑም ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ4,200 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ ግፊቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሆኖም በገደል አፋፍ ላይ ሸክም ይዞ ለሚራመድ ሰው ይህ ብዙ አያጽናናም። ከዚህም በላይ የአስታ ዛፎች ከበሩ በታች ስለሚቀሩ፣ በሩ ላይ ከሣር፣ ከጅብራና ከድንጋይ በቀር ነፋስ የሚከልል ነገር የለም።

ነፋስ ሙቀትን እንዴት ይሰርቃል?

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በጨነቅ 9 ዲግሪ ቢሆን በበሩ ላይ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ነፋሱ ነው። ቆዳችንን የሚከብ ስስ የሞቀ አየር ሽፋን አለ፤ ነፋስ ይህን ሽፋን እየጠረገ ሲወስደው አካላችን ሌላ ለማሞቅ ያለማቋረጥ ኃይል ያወጣል።

አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ ባዋሉት ቀመር መሠረት፣ 5 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ እንደ 1 ዲግሪ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ከዜሮ በታች 1፣ በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ይሰማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ነፋሱ የአየሩን ሙቀት አልቀነሰውም፤ በኮዳ ያለው ውኃ በ5 ዲግሪ አይረጋም። የጨመረው ሙቀት ከአካላችን የሚወጣበት ፍጥነት ነው።

ይህ ስሌት የሚመለከተው ደረቅ ቆዳን ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፣ በላብ ወይም በዝናብ ለረጠበ ሰው ሁኔታው እጅግ ይከፋል። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መተሳሰር፣ መደናቀፍና ግራ መጋባት ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ተጎጂው ራሱ መጎዳቱን ላያውቅ ይችላል።

ስስ አየር

በበሩ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። «እኔ ደገኛ ነኝ» ማለት በቂ ዋስትና አይሆንም፤ የአዲስ አበባ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ሲሆን ከበሩ በ1,850 ሜትር ያህል ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። እየተንገዳገደ የሚራመድ፣ ግራ የተጋባ ወይም ዐርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሆነ ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ አለበት።

ዕቅዱ

የመጀመሪያው ጉዳይ ወቅትና ጸጥታ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ይበዛሉ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የአካባቢውን ጸጥታ ከመነሣት በፊት ማጣራት የግድ ነው።

ሁለተኛው መለማመድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። 2,850 ሜትር ላይ ካለችው ደባርቅ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ መድረስ ስለሚቻል ይህ ደንብ በቀላሉ ይጣሳል። በሳንቃ በር (3,250 ሜትር)፣ ቀጥሎም በግጭ (3,600 ሜትር) እያደረ የሚጓዝ ቡድን ግን ደንቡን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ጋቢ ደረቅ ሳለ ያሞቃል፤ ጥጥ ግን ሲርስ ሙቀት አይዝም። ሱፍ ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል፤ የደጋው ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በላዩ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ቅያሪ ልብስ፣ ባትሪ፣ በቂ ምግብና ውኃ ያስፈልጋሉ።

አራተኛውና ዋናው የመመለሻ ሰዓት ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚት እ.ኤ.አ. በ1892 ባቀረበው ደንብ መሠረት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ከጨነቅ እስከ በሩ ያለው ዳገት ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል ማለት ነው። ደንቡ ለስስ አየር የተዘጋጀ ስላልሆነ ውጤቱን እጥፍ ማድረግ ብልህነት ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናና ነጎድጓድ ሊመጡ ስለሚችሉ በማለዳ መነሣት ይበጃል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን «እስከ 5 ሰዓት በሩ ላይ ካልደረስን እንመለሳለን» ብሎ ማታውኑ ሊስማማ ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ሰዓቱን ሳይጠብቁ መውረድ ነው።

በተማሪዎች ጉዞ ላይ አንድ ተጨማሪ ስምምነት ይጠቅማል። ራሱን ያመመው ልጅ ጓደኞቹን ላለማስቀረት ሲል ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የጉዞው ፍጥነት በደካማው እንዲለካ፣ ማንም ሰው «እንመለስ» ባለ ጊዜ ያለ ክርክር እንዲመለሱ፣ የታመመም ብቻውን እንዳይወርድ ከመነሣታቸው በፊት ይወሰን። የፓርኩ ስካውትና አስጎብኚ የሚሰጡት ምክርም የአካባቢውን አየር ለዓመታት ካዩ ሰዎች የተገኘ ነውና ከማንኛውም ስሌት ጋር አብሮ ሊታይ ይገባዋል። በሩ ነገም እዚያው ነው፤ ዛሬ የተመለሰ ቡድን ሌላ ቀን ሊሻገረው ይችላል።