ሕፃናት ስለ ንብ ኑሮ ከአያት የሚቀስሙት ዕውቀትና የመምህሩ ድርሻ

ንብ በሚረባበት የኢትዮጵያ ገጠር ብዙ ልጆች ስለ ነፍሳት ኑሮ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኙት ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከቀፎ ሥር ነው። አስተማሪያቸውም አያት ናቸው።

አያት የሚያስተምሩት በማሳየት ነው። ልጁ ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት እንዳይቆም፣ ንብ ስትጠጋውም እጁን እንዳያወናጭፍ ያስጠነቅቁታል። ክረምት ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ንቦቹ በእግራቸው ተሸክመው የሚገቡትን የአበባ ዱቄት ያመለክቱታል። መንጋው ፈልሶ በቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ሌሎቹ አውራው ባለበት እንደሚከማቹ፣ አውራው ከሞተም ቀፎው ቀስ በቀስ ባዶ እንደሚቀር ይነግሩታል። ይህ ሁሉ በረዥም ዘመን አስተውሎት የተገኘ እውነተኛ ዕውቀት ነው።

ችግር የሚነሣው «አውራ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ የወንድ መጠሪያ በመሆኑ አያት የመንጋውን መሪ እንደ ወንድ ይቈጥሩታል፤ የሳይንስ ትምህርት ደግሞ ንግሥት ይላታል። መምህሩ «አያትህ ተሳስተዋል» ብሎ ቢያልፍ ልጁ ወይ ቤቱን ወይ ትምህርት ቤቱን ለመናቅ ይገደዳል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ይህ አስተሳሰብ የገበሬ ብቻ አልነበረም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትልም የመንጋውን መሪ ንጉሥ ብሎ ጽፏል። በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንዱ ያን ስዋመርዳም አካሏን ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር የዕንቁላል ማፍሪያ አገኘባት። ልዩነቱ የመሣሪያ እንጂ የአእምሮ ማነስ አይደለም።

የሳይንሱ ማብራሪያ የአያትን ዕውቀት ያሟላዋል። የቀፎው ሠራተኞች በሙሉ ሴቶች ሲሆኑ ወንዶቹ ድንጉላዎች ናቸው። ንግሥቲቱ በ16 ቀን ገደማ፣ ሠራተኛዋ በ20 ቀን ገደማ፣ ድንጉላው በ24 ቀን ገደማ ከዕንቁላል ተነሥተው ሙሉ ንብ ይሆናሉ። በሥራ ወራት የሠራተኛዋ ዕድሜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ ንግሥቲቱ ሞታ ሠራተኞቹ ሌላ ካላሳደጉ ያለቁትን የሚተካ አይወለድም። አያት ያዩት የቀፎው ባዶ መቅረት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን ከአያት ቃል ቢጀምር ይጠቀማል። ተማሪዎቹ የትኛው አበባ በየትኛው ወር እንደሚፈነዳ፣ መንጋ መቼ እንደሚፈልስ ቤታቸው ጠይቀው በደብተር ይጻፉ፤ የጻፉትንም በወቅቱ በዐይናቸው ያረጋግጡ። ከተቻለም አያቶች ትምህርት ቤት ተጋብዘው ይናገሩ። ልጁ በተራው ስለ ንግሥቲቱ የተማረውን ማታ በአክብሮት ለአያቱ ያስረዳል።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው አልተጻፈም። አረጋውያኑ ሳይጠየቁ ካለፉ የየመንደሩ የአበባና የንብ አቈጣጠር አብሮ ይቀበራል፤ ኋላም ከየትኛውም መጽሐፍ ሊገኝ አይችልም።